ከብት የላሰው ግድግዳ

አባቴ መምሬ ወልደ ሩፋኤል አርባ ዓመት ሙሉ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ሰው ሲቀብሩ የኖሩ ካህን ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሞት ግን ብዙ አይናገሩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግሙት። «ከራሴ ደጅ ልውጣ» ይሉ ነበር። ጤነኛ ሳሉ ይህን ሲሉ እስቅ ነበር። ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው፣ አፋቸውም ተይዞ፣ ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ከተኙ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ።

እኔ ፍቅርአዲስ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባል ነበረኝ፣ አልበረከተም። ልጅ አልወለድኩም። የምጦረውም የሚቆጣኝም ሰው ከአባቴ ሌላ የለኝም። በዚያች ክፍል ውስጥ የእሳቸው አልጋ፣ የእኔ ፍራሽና የስፌት መኪናዬ ተጋፍተን እንኖር ነበር፤ ልብስ ስተኩስ ካውያው እግራቸው ላይ እንዳይወድቅ እየተሳቀቅሁ ነው።

አከራዬ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ለአባቴ አጥሚት ይዘውላቸው መጡ፤ ካጠጧቸው በኋላ እኔን ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«እንዳትቀየሚኝ ልጄ» አሉኝ። «መምሬ እየደከሙ ነው። ግቢዬን ታይዋለሽ። ድንኳን የት ይተከላል? ለቀስተኛው የት ይቀመጣል? በዚህም ተከራይ፣ በዚያም ተከራይ። እንግዲህ እስከ ፋሲካ አንድ ነገር አስቢበት።»

እውነታቸውን ነው። ተከራይቶ መኖር ይቻላል፤ ተከራይቶ መሞት ግን አይቻልም። ወደ ውስጥ ስመለስ አባቴ ዓይናቸውን በር በሩ ላይ ተክለው አገኘኋቸው። ሰምተዋል።

አገራችን በደብረ ኤልያስ መንገድ ነው፤ ከመኪና ወርደው ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። አባቴ ያገለገሉበት ሚካኤል እዚያ ነው፤ እናቴም የተቀበረችው እዚያው ነው። ችግሩ ቤት የለንም። የተወለድኩበትን ቤት ምስጥ በልቶት ባለፈው ክረምት ድፍት ብሏል። የቀረው የከብት ቤቱ ነው። እሱ ያልወደቀው ቋሚው ጽድ ስለሆነ ነው፤ ምስጥ ጽድ አይደፍርም። አባቴ ሲያሠሩ ለሰው ቤት ባሕር ዛፍ፣ ለከብት ቤት ጽድ መርጠው ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሰው ግድግዳ አይገፋም፤ ከብት ይገፋል» ብለውኝ ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም የከብት ቤቱን ለሰው ላደርገው ተነሣሁ። ደንበኞቼን «እስከ ፋሲካ ታገሡኝ» አልኳቸው፤ አባቴን ለጎረቤት አደራ እየሰጠሁ፣ አንድ ቀን እየሄድኩ አንድ ቀን እየተመለስኩ፣ የካቲትን ሙሉ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስመላለስ ከረምኩ።

ከብቱ ከተሸጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አዛባው ግን እንዳለ ነው፤ ደርቆ፣ ተጋግሮ፣ ከታች ግን አሁንም እርጥብ። አንድ የቀን ሠራተኛ ይዤ እሱን ጠርጎ ማውጣት ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ከአዛባው ሥር ቁንጫ ተነሣ። ቁንጫው ስድስት ዓመት ሙሉ ማንን እየጠበቀ እንደኖረ አላውቅም፤ እኔን ሲያገኝ ግን የጠበቀውን ያገኘ ይመስል ነበር። አመድ ነሰነስን፣ ጭስ አጨስን፤ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ከእኔ ጋር ደብረ ማርቆስ ገባ።

ጣራው ዝቅ ያለ ነው። ለላም ይበቃል፤ ለሰው ግን አንገት ያስደፋል። ስለዚህ ወለሉን አንድ ክንድ ያህል ቆፍረን ዝቅ ማድረግ ነበረብን። መስኮትም የለውም። አባቴ ብርሃን ይወዳሉና መስኮት ይውጣለት ብዬ፣ አንድ ቦታ ምርጊቱን በመጥረቢያ ስናስነካው፣ የዚያ ወገን ግድግዳ ምርጊት በሙሉ እየተላቀቀ ወረደ። ከአንዱ ጥግ ሌላው ጥግ፣ ከዚያም ዙሪያውን። ማታ ላይ ቤቱ ማገር በማገር ሆኖ፣ ነፋስ ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ ይወጣ ጀመር። መስኮት አማረኝ፤ ቤቱ ሁሉ መስኮት ሆነልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እልኸኛ ነኝና ሳለቅስ ሰው ሲያየኝ አልወድም፤ ያን ዕለት ግን አያ ደምለው አየኝ።

አያ ደምለው ጎረቤታችን ነው። አባቴ የነፍስ አባቱ ናቸው። እጁ ለሥራ የማይሰንፍ፣ ምላሱ ለምክር የማይደክም ገበሬ ነው። «ምን ያስለቅስሻል? ለመምሬ ደቦ አንወጣም እንዴ? ጭቃ ነው፤ እናቦካዋለን፣ እንመርገዋለን» አለኝ።

«አፈሩንስ ከየት አመጣለሁ?» አልኩት። ለምርጊት የሚሆነው ቀይ አፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ነው የሚመጣው፤ በአህያ ስንት ቀን ያመላልሳል።

አያ ደምለው ጎንበስ አለና ከወለሉ ከቆፈርነው ጥቁር አፈር አንድ እፍኝ ዘገነ። አሸት አሸት አደረገው። አሸተተው። ፊቱ በራ።

«ይኸን ጥለሽ ኮረብታ ትወጫለሽ? አርባ ዓመት ከብት ያደረበት አፈር እኮ ነው! እንዴት የሰባ መሰለሽ። ይኸን እርሻዬ ላይ ባገኘው ከጤፉ ጋር እኔም እበቅልበት ነበር።»

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አፈሩን ዘግኜ አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲጨብጡት ይያያዛል። የሰባ መሬት እህል ይሰጣል፤ እህል የሚሰጥ አፈር ግድግዳ የማያቆምበት ምን ምክንያት አለ? ሌሎቹም ወንዶች እየመጡ ጨበጡት፣ አሸተቱት፣ አደነቁት። አንድም ሰው «ተዉ» አላለም። ከወለሉ የወጣውን ሁሉ በጤፍ ጭድ ለውሰን አቦካነው። ሳምንት ሰነበተ። በመጋቢት መጀመሪያ ሃያ ሰው ለደቦ ወጣልኝ። ጾም ስለነበር ሽሮና ስልጆ፣ ጠላም አቀረብኩ። እየዘፈኑ ረገጡት፣ እየተፎካከሩ መረጉት። ከተረፈው ጭቃ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ለአባቴ መኝታ የሚሆን መደብ ሠሩልኝ። ማታ ላይ ቤቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያምር ሆኖ ቆመ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን አላስታውስም።

ግድግዳው በደረቀ በሳምንቱ ነጭ ነገር አወጣ። እንደ አመዳይ ስስ ሆኖ ከታች እስከ ወገብ ድረስ ጥቁሩን ሸፈነው። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ከብቱ የሸናበትን ወለል ቆፍረን፣ በእግራችን አቡክተን፣ ግድግዳ አድርገን አቁመነዋል። ቢሆንም ብዙም አልደነገጥኩም። ጨው ቢያወጣ ምን ያደርጋል፣ የሚበላው የለ ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ከሲታ ጥቁር ላም ናት። በሩቅ ቆማ አየችው። ጠጋ አለች። ምላሷን አውጥታ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ላሰችውና ቆም ብላ አሰበች። እኔም ሳቅሁ። ላሟ ሄዳ ለሌሎቹ የነገረች ይመስለኛል፤ በማግስቱ ሰባት ሆነው መጡ።

በእኛ አገር መኸር ከገባ በኋላ ከብት ስድ ነው። ማሳው ሁሉ ለከብት ይለቀቃል፣ ማንም ከብቱን አያስርም። በበጋ ደግሞ ሣሩ ደርቆ ከብት ጨው ይጠማዋል። ከመንደሩ መካከል ከወለል እስከ ወገብ ጨው የተቀባ ቤት ሲቆምለት ምን ይሁን? የከብት ምላስ ደግሞ ሞረድ ነው። አንዴ ሲልስ ብናኙን ይወስዳል፤ ቀን ሙሉ ሲልስ ጭቃውን ይወስዳል። ከሁሉ የባሰው ቦራ የሚባል የእርሻ በሬ ነበር፤ ግንባሩ ነጭ፣ አንገቱ እንደ ግንድ። ሌሎቹ ሲያባርሯቸው ይሄዳሉ። ቦራ ግን ዞር ብሎ ያይሽና ይቀጥላል። የማን በሬ ነው? የአያ ደምለው። ግድግዳሽን የመረገልሽን ሰው በሬ በዱላ እንዴት ትመቺያለሽ?

ዙሪያውን እሾህ አጠርኩ፤ ቦራ በደረቱ ገፍቶ ገባ። በአዲስ እበት ለቀለቅሁት፤ ከብት እበት ይጸየፋልና አንድ ሳምንት ተዉልኝ። ጨው ግን ከውስጥ እየወጣ እበቱን ቅርፊት ቅርፊት አድርጎ ጣለው። ከዚያ ሬት ቀባሁት፤ እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡትን። ጥቁሯ ላም ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ። ቦራ መጥቶ ሬቱን ላሰ፣ ከሬቱ በታች ያለውንም ላሰ።

መጨረሻ ላይ ብልጥ ነኝ ብዬ የሠራሁት ከሁሉ ይብሳል። ግድግዳውን ከፈለጉት ለጨው ነው፤ ጨውን ሌላ ቦታ ልስጣቸው አልኩ። ከገበያ ጨው ገዝቼ ከወንዙ ማዶ በሰፊ ድንጋይ ላይ ደፋሁላቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ወሬው እንዴት እንደሄደ አላውቅም፤ በሦስተኛው ቀን ቀድሞ መጥቶ የማያውቅ የማዶ መንደር ከብት ሁሉ ወረደ። የድንጋዩን ጨርሰው ወደ ግድግዳዬ ዞሩ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ፤ ከብት ይታሰርልኝ አልኩ። «በበጋ ከብት ማን ያስራል፣ ልጄ? ሜዳው የሁሉ ነው» አሉኝ። አያ ደምለው እዚያው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። በኋላ ተከትሎኝ መጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፈሩን እኔ ነኝ ያስመረጥኩሽ» አለኝ። ልጮህበት አስቤ ነበር። እንዲህ ሲለኝ የምጮኸው ጠፋኝ።

ፋሲካ ደረሰ፤ የወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቀጠሮም ደረሰ። ግድግዳው በየቦታው ሳስቷል እንጂ ገና ቆሟል። ሌላ መሄጃ ደግሞ የለንም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አባቴን በባጃጅ ጭኜ መንገዱ እስከሚያልቅበት አመጣኋቸው። ከዚያ ስምንት ሰው በቃሬዛ ተቀበላቸው። ደጁ ላይ ሲደርሱ «ቁሙ» አሉ፤ አፋቸው ስለተያዘ ቃሉ የተጨማደደ ነበር፣ ሁሉም ግን ገባው። ቃሬዛውን ይዘው ቆሙ። አባቴ በግራ እጃቸው የበሩን ጽድ ዳሰሱ። «አልወደቀም» አሉ። ከዚያ «አስገቡኝ» አሉ።

በእርግጥ ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። የቅዳሴው ድምፅ መደባቸው ድረስ ይሰማቸዋል፤ ዜማው ሲሳሳት ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፤ ዲያቆናቱ ወጥተው ሲጠይቋቸው በዓይናቸው ይቆጧቸዋል። እንጀራ መቅመስ ጀመሩ። ደብረ ማርቆስ ሳሉ ግድግዳ ግድግዳ ያዩ ነበር፤ እዚህ መጥተው ሰው ሰው ማየት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከራስጌያቸው ወዲያ ክር ክር የሚል ድምፅ ሰሙ። «ማን ነው?» አሉኝ።

«ከብት ነው አባባ። ግድግዳውን እየላሱብኝ ነው።»

አፈሩን ከየት እንዳመጣነው ነገርኳቸው። ሰሙኝና በአፋቸው ግራ ጎን ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ተያቸው» አሉ። «ቤታቸው ነው። እኛ ነን የመጣንባቸው።»

እሳቸው ይሳቁ እንጂ እኔ አልሳቅሁም። ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። ከብቱ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ እኔ ውጭ ነኝ። ከምሥራቅ ሳባርር በምዕራብ ይመጣሉ። ስፌት መኪናዬ ጥግ ላይ በጨርቅ እንደተሸፈነች ቀረች። አባቴ ይጠሩኛል። ውሃ ይፈልጋሉ ብዬ እሮጣለሁ፤ ውሃ አይደለም። «ተቀመጪ» ይሉኛል። «ትንሽ ተቀመጪ።» መደቡ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ እናቴ ሊነግሩኝ ይጀምራሉ፤ ቃሉ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ አንድ ጆሮዬን ለእሳቸው አንድ ጆሮዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው የምሰማው። ክር ክር ሲል እነሣለሁ። ያልጨረሱትን ነገር ይዘው ይቀራሉ። ግድግዳው ቢወድቅ የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው፤ መደቡ የተሠራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው። ይህን እያሰብኩ እንዴት ልቀመጥ?

በግንቦት መጀመሪያ ቦራ በመደቡ ራስጌ በኩል ግድግዳውን በሳው። ቀዳዳው የሰሐን ያህላል። ጨርቅ ወትፌበት አያ ደምለው ቤት ሄድኩ።

«ሌላ ደቦ አውጡልኝ» አልኩት። «በቀይ አፈር እንደ ገና ይመረግልኝ። ክረምቱ ከመጣ በአንድ ቀን ዶፍ ያልቃል።»

«እንዴታ፣ እንወጣለን እንጂ» አለና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት። መካከል ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ። በቀረው ቀን ሰው እርሻ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። ሃያ አምስት ላይ ግን ቃሌ ነው። አንቺ ጭቃውን አቡክተሽ ጠብቂን።»

በበዓል ቀን ሥሩልኝ ብዬ የካህን ልጅ እንዴት እለምናለሁ? አባቴ ራሳቸው ስንቱን ገበሬ በሚካኤል ቀን ሞፈር ነካህ ብለው ቀኖና የሰጡ ሰው ናቸው። ተመለስኩ። አህያ ለምኜ ከኮረብታው ቀይ አፈር አመላለስኩ። ጭድ ለወስኩ፣ ብቻዬን ረገጥኩ፣ አቦካሁ። ጭቃዬ ከደጅ ሆኖ ይሰነብት ጀመር። እጄ ተሰነጣጠቀ። አባቴ አንድ ቀን እጄን ይዘው አዩትና ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ክር ክር አለ። እጄን ነጥቄ ወጣሁ።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ነው። ከማርያም ማግስት፣ ከጊዮርጊስ ዋዜማ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከብቱ ዝናብ ሲሸተው ይቅበጠበጣል፤ አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ተግተልትለው መጡ፤ ቦራ ከፊት። ከቀዳዳው የወተፍኩትን ጨርቅ በጥርሱ ጎትቶ ጣለውና ምላሱን ሰደደ። በዱላ ጀርባውን መታሁት። አዎ፣ መታሁት፤ የአያ ደምለውን ነገር ረሳሁት። አልተነቃነቀም።

በቀዳዳው በኩል አባቴ «ፍቅሬ» ብለው ጠሩኝ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ከታመሙ ጀምሮ ስሜን እንዲያ አጥርተው ጠርተውት አያውቁም። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው።

«መጣሁ አባባ!» አልኳቸው።

ቦራን በአፈር ጓል ደበደብኩት። ዓይኑ ሥር ሲያርፍበት ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁልጊዜ ጥቂት አባርሬ እመለሳለሁ፤ እነሱም ይመለሳሉ። ዛሬስ አርቄ ልንዳቸው፣ ወንዙን ላሻግራቸው፣ ከዚያ ተረጋግቼ እስከ ማታ አጠገባቸው ልቀመጥ አልኩ። እናቴን የሚመለከተውን ወሬ ሳልነሣ እስከ መጨረሻው ልስማላቸው አልኩ። በሩ ጋ ቆም ብዬ «አሁን መጣሁ» ብዬ ከብቱን ይዤ ወረድኩ። ወንዙን አሻገርኩ። ቦራ ሦስት ጊዜ ሊመለስ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ከማዶው ዳገት አስወጣኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አባቴ አልነበሩም። ሥጋቸው መደቡ ላይ ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም። ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አዙረው ነበር። ቀኝ ጎናቸው በድን ስለሆነ ያለ እኔ እርዳታ መዞር አይችሉም ነበር፤ እንዴት እንደዞሩ አላውቅም። ድምፄ በዚያ በኩል ነበር የመጣላቸው።

ዓይናቸውን ከደንኩላቸው። አልጮህኩም። ብጮህ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ በኋላ ደግሞ የእኔ ብቻ አይሆኑም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከብት የለም፣ ድምፅ የለም። እንዲያ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወጥቼ እሪ አልኩ።

በጊዮርጊስ ቀን ቀበርናቸው። ለቀብር በዓል አይከለክልም። ከሩቁ ዲማ ገዳም ሳይቀር ካህናት መጡ፤ የመንደሩ ወንድ አንድም አልቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ያጣሁበት ደጅ መተላለፊያ ጠፋበት። ከራሳቸው ደጅ፣ ከጽዱ በር ወጡ። «ታደሉ» አለ ሁሉም። «እንዲህ ነው እንጂ አወጣጥ። አንቺም የታደልሽ ልጅ ነሽ።»

በሃያ አምስት አያ ደምለው ቃሉን ጠበቀ። ለቀስተኛው የሚቀመጥበት ቤት ነፋስ ሊያስገባ አይገባም ብለው ወንዶቹ ተነሡ፤ ባቦካሁት ቀይ ጭቃ የተበላውን ሁሉ ፍቀው እንደ ገና መረጉት። ምሳ ሳይደርስ ጨረሱት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አያ ደምለው ግን ጭቃውን እየመረገ ያለቅስ ነበር፤ ተውኩት።

ሴቶቹ ከእኔ ጋር ውስጥ ተቀምጠዋል። የአያ ደምለው ሚስት ደብሪቱ ከጎኔ ናት። ደግ ሴት ናት፤ በሦስቱ ቀን ውስጥ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ጎንበስ ብላ በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ አጠገባቸው ነበርሽ አይደል? መረቁሽ?»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። የካህን ምርቃት ነው፤ የአባት ምርቃት ነው፤ ሁሉም ሊሰማው ይፈልጋል።

«አዎ» አልኳት።

«ምን ብለው?»

ከውጭ የወንዶቹ እጅ አዲሱን ጭቃ ሲያለሰልስ ይሰማል። ምን ሊሉኝ ጠርተውኝ እንደነበር ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብ ነው የዋልኩት፤ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻም ሳስበው እኖራለሁ። አላውቀውም። ለደብሪቱ ግን መልስ መስጠት ነበረብኝ።

«‹ቤትሽን ይባርክልሽ› አሉኝ» አልኳት።

«አሜን» አለች ደብሪቱ። ሴቶቹም ሁሉ ተከትለው አሜን አሉ።